ቀለም አለው ያለችው ልጅ

በ1979 ዓ.ም. የካቲት ወር ጅጅጋ ውስጥ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ስለ ሌላ ነገር አያወራም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ፣ በቴሌቪዥን ላይ፣ ሰው በገዛ እጁ የሚነዳው መኪና ይታያል ተብሏል። እንዲህ ያለ ነገር ጅቡቲ አይተው የመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ያዩትን ከማያውቁት ጋር እየቀላቀሉ ከተማውን አሰከሩት።

ኬሪያ ሐሙስ ጠዋት ወተት ልትገዛ ገበያ ስትወርድ ወሬውን ከአራት ሰው አፍ ሰማችው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ከሰል ሻጯ፣ መኪናው ከመስታወቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል አለች። አንድ አሥር አለቃ፣ ጨዋታውን የጨረሰ ሰው መንጃ ፈቃድ ይሰጠዋል ብሎ ለጓደኛው ይምልለታል። ሁለት አስተማሪዎች ደግሞ ሙዚቃው በሶማሊኛ ነው፣ የለም በእንግሊዝኛ ነው እያሉ መንገድ ዘግተው ይከራከራሉ። ኬሪያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለፈቻቸው። የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ ከሷ አፍ የወጣች አንዲት ቃል እንደሆነች ከሷ በቀር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ወተት ሻጯ ዐርዶ ከቱሊ ጉሌድ የምትመጣ፣ ጨዋታውን የሠራው የዋበሪ ታላቅ እህት ናት። ኬሪያን ስታይ እንደ ወትሮው አልሳቀችም።

“አባዮ፣ እውነቱን ንገሪኝ” አለቻት፤ ‘እህቴ’ ማለቷ ነው። “ወንድሜ ቀለሙ ዐይን የሚያጠፋ ነገር ሠርቷል ይላሉ። እኔ ትናንት አየሁት። ቀለም አላየሁም።”

“እሱ ምን አለሽ?”

“ምንም። ሦስት ቀኑ፣ ወላሂ እህል አልቀመሰም። ይኼን ስጪያት አለኝ።” በአራት የታጠፈ ወረቀት ከወተቱ ጣሳ ሥር አድርጋ ሰጠቻት።

ኬሪያ ወረቀቱን በመዳፏ ጨብጣ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ አልከፈተችውም። ውስጡ ያለውን ሳታነበው ታውቀው ነበርና፣ እጇ ላይ እንደ ፍም ተሰማት።

*

ኬሪያ የሐጂ አብዶሽ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሐጂ አብዶሽ ከሐረር መጥተው ጅጅጋ ላይ በጨርቅ ንግድ ስም ያወጡ፣ የከተማው ትልቁ ቴሌቪዥንና የራሳቸው ጄኔሬተር ያላቸው፣ ቪዲዮ ቤት ከፍተው ሰው የሚያስመለክቱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ዋበሪ ደግሞ የግመል ደላላ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ትምህርት ተምሮ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል። እሷ የምትናገረው አደርኛና አማርኛ፣ እሱ የሚናገረው ሶማሊኛና አማርኛ። በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ አማርኛ ነበረች፤ በሷ ላይ ነው የተገናኙት።

የተዋወቁት ኬሪያ በታይፒስትነት ከምትሠራበት የባህል መሥሪያ ቤት የተበላሸ ቴፕ ይዛ የሄደች ዕለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የጽሕፈት መኪና የምትመስል ነገር አየች። አንድ ሾፌር ከጅቡቲ ያመጣትና አልሠራ ስትለው ዋበሪ ዘንድ የጣላት ኮምፒዩተር ናት። አብሯት የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው።

“እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?” አላት፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ወር ሙሉ የምሳ ሰዓቷን እዚያች ክፍል አሳለፈች፤ በሩ ለመንገደኛ ወለል ብሎ እንደተከፈተ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ቁልፎቹን ይጫናል። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ቀን ግን በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ ታየች፤ ዋበሪ ሲጫን ወደ ግራ ሄደች። ኬሪያ በደስታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዋበሪ ያን ሁሉ ወር የደከመላትን ነጥብ ትቶ ፊቱን አዞረና እሷን አያት። ያ አስተያየት ስንት ጊዜ ቆየ ቢሏት አታውቅም። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ግን መንገዱ የትኛው እንደሆነ ጠፍቷት ነበር።

ነጥቧ አድጋ መኪና ሆነች። ከጅጅጋ ተነስታ ካራማራን ወጥታ፣ ፋፈምን ወርዳ፣ በዳከታ ድንጋዮች መካከል ሾልካ ባቢሌን አልፋ ሐረር የምትገባ የጭነት ኤንትሬ። ለማያውቅ ሰው ነጭ አራት ማዕዘን ናት። ለሁለቱ ግን ጭነቷም ሾፌሯም ይታያቸዋል።

ኬሪያ ዝም ማለት አልቻለችም። መሥሪያ ቤቷ በየወሩ በስቴንስል በሚያባዛው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፈች፦ የከተማችን ወጣት ቴክኒሺያን የቴሌቪዥን ጨዋታ እየሠራ መሆኑን፣ ጨዋታው የጅጅጋንና የሐረርን መንገድ እንደሚያሳይ፣ ሲያልቅ ለሕዝብ እንደሚቀርብ። ይኸው ነበር። ያች ወረቀት ግን ሐረር ደረሰችና ሙላቱ የሚባል የጋዜጣ ሰው ይዛ መጣች።

ሙላቱ የጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወረቀቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። “እንግዲህ ይኼ የቱሊ ጉሌድ ልጅ ሠራው የምትሉት ነገር ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነጥብ ነጥብ። ያው፣ ከዚህ አገር ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?” አለና ደብተሩን ዘጋ። ፈገግታው ደግ ነበር፤ የኬሪያን ደም ያፈላውም እሱ ነው።

“በቀለም ነው” አለችው።

ሙላቱ ደብተሩን መልሶ ከፈተ። “በቀለም? ድምፅስ?”

“አለው።”

“ስንት መንገድ?”

“ብዙ።”

የመጀመሪያዋ ቃል ከብዳት ነበር። የመጨረሻዋ ግን እንደ ውሃ ወረደች። በሳምንቱ ጋዜጣው ላይ ‘ብዙ’ አሥር ሆነ፣ ‘ድምፅ’ ሙዚቃ ሆነ፣ ‘ቀለም’ ከውጭ አገር የሚበልጥ ቀለም ሆነ። ሰኞ ራዲዮ ደገመው። ማክሰኞ አባቷ በቪዲዮ ቤታቸው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ትኬት መሸጥ ጀመሩ።

አሁን ከገበያ ተመልሳ ቢሮዋ ገባችና በሩን ዘግታ ዋበሪ የላከላትን ደብዳቤ ከፈተችው።

“ኬሪያ፣

ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ የተጻፈው ሰውዬ ትልቅ ሰው ነው። እኔ አላውቀውም። ሙላቱ ይኼን ሁሉ የነገረችኝ የባህሏ ኬሪያ ናት ብሎ ነገረኝ። አንቺ መኪናችን ነጭ እንደሆነች ታውቂያለሽ። መንገዳችን አንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ስትቀመጪ ማንን ታዪ ነበር ብዬ አሁን ራሴን ጠየቅሁ። አባትሽ ፊት እኔን ማቆም ከብዶሽ ሌላ ሰው ሠራሽ። ሕዝብ ቢስቅብኝ ያልፋል። ላንቺ እንደማልበቃ ማወቅ ግን አያልፍም።

ለቀበሌው ቃል ስለገባሁ ቅዳሜ እመጣለሁ። ያለኝን አሳያለሁ። እሁድ ወደ ደገሀቡር እሄዳለሁ፤ እዚያ ሥራ አለ።

ዋበሪ”

ፊርማው ሥር የቀለም ጠብታ ፈሷል። ብዕሩን እዚያ ላይ ብዙ አቁሞት ነበር ማለት ነው። ኬሪያ ጠብታዋን በጣቷ ነካቻት።

*

ምሳ ላይ አባቷ ደስ ብሏቸው ነበር። ቴሌቪዥኑን አዳራሽ የሚያደርሱ ሰዎች አዘዋል፣ ጄኔሬተሩን አስፈትሸዋል።

“ያ የራዲዮ ጠጋኝ እንደተባለው ከሆነ ቪዲዮ ቤት እቀጥረዋለሁ” አሉ።

“ከዚያስ፣ አባባ?”

“ከዚያ ምን? ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፤ ይሠራል።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሰኞ ከድሬዳዋ ሰዎች ይመጣሉ። ለወንድሜ ልጅ ሊያጩሽ ነው። ይኼን ያህል ጊዜ ዝም ብዬሻለሁ፤ አሁን ግን ይበቃል።”

ኬሪያ እጇን ታጠበች። ውሃው ከተቋረጠ በኋላም እጇን ታሻሽ ነበር። ለአባቷ እሺ ብላ አታውቅም፣ እምቢ ብላም አታውቅም። ዝም ማለት እሺ ማለት የሆነበት ቤት ውስጥ ማደጓ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገበገባት።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አውቶቡስ ተራ ሄደች። ዋበሪ የመበየጃውን ብረት ይዞ አንድ ራዲዮ ላይ አጎንብሷል። ቀና ብሎ አያትና ተመልሶ አጎነበሰ።

“አላፈርኩብህም” አለችው፣ በር ላይ እንደቆመች። “ሰውዬው ደብተሩን ዘጋ። ከዚህ አገር ምን ይጠበቃል አለ። ተናደድኩ።”

“ለኔ ተናደድሽ። ለኔ ዋሸሽ። እኔ ግን አልለመንኩሽም።”

“አልለመንከኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ኬሪያ፣ እሱ ያለው እኮ እውነት ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ነጥብ ነጥብ ነው። እኔ ይኼን ይዤ ማንም ፊት እቆማለሁ፤ ምንም አላፍርም።” ብረቱን አስቀመጠ። “አንቺ ነሽ ያልቻልሽው።”

ይኼ ከደብዳቤው ይልቅ አመማት፤ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነበር።

“እሺ፣ ነገ ሰዉ ቀለሙ የት አለ፣ ማን ነው እንዲህ ያለው ሲልህ ምን ትላለህ?”

“ዝም እላለሁ።”

“ቀጣፊው አንተ ትሆናለህ።”

“ልሁን። ስምሽን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልጠራም። የሐጂ አብዶሽ ልጅ ነሽ፤ እዚህ ትኖሪያለሽ። እኔ እሁድ እሄዳለሁ።”

ኬሪያ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። ሊሰድባት ቢሞክር ትችለው ነበር። እሱ ግን ተቀይሟትም ሊሸፍናት ነው። በአቧራው መካከል እየተቻኮለች ስትመለስ እንባዋ ይወርዳል። ያዘነች መስሏቸው መንገደኞች ዞር እያሉ አዩአት፤ እሷ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም። ማንም ከኋላው እንዲደብቃት አትፈልግም፣ ዋበሪም ቢሆን።

*

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከባቢሌ ድረስ በጭነት መኪና የመጡ ነበሩ። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ተቀምጠዋል፤ አስተማሪዎቹ ከፊት፣ ሙላቱ ከነካሜራው ከነሱ አጠገብ። ሐጂ አብዶሽ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቴሌቪዥናቸው ጎን ቆመዋል። ዋበሪ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ ከስቷል። ማንንም ሳያይ የቴፑን ካሴት አስገባና ተጫነ።

ጨዋታው የሚጫነው ከካሴት ነበር፤ ሲጫን ደግሞ ይጮኻል። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

“ሙዚቃው ይኼ ነው?” አለ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

አምስት ደቂቃ ያህል ጮኸና ዝም አለ። ጥቁር መስታወት ላይ ሁለት ነጠብጣብ መስመር ወጣ፣ በመስመሮቹ መካከል ነጭ አራት ማዕዘን፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትንንሽ ነጭ ድንጋዮች። ዋበሪ ሲጫን አራት ማዕዘኗ ከድንጋዮቹ ትሸሻለች። ሌላ ምንም የለም።

ሕዝቡ ጠበቀ። የሚመጣ ነገር ያለ መስሎት ነበር። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ “ቀለሙስ?” አለ። ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ትኬታችን ይመለስ ይላል። አንዱ አስተማሪ አንገቱን ደፋ። ሙላቱ ካሜራውን ማኅደሩ ውስጥ መልሶ ከተተ።

ሐጂ አብዶሽ ፊታቸው ጠቆረ። “አንተ ልጅ፣ ይኼ ነው?”

“ይኼ ነው፣ ሐጂ።”

“ጋዜጣው ላይ የወጣውስ?”

ዋበሪ ዝም አለ።

“እኔ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት” አለ ሙላቱ፣ ተነስቶ። ከዚያ በላይ አልጨመረም፤ ዐይኑ ግን ወደ ሴቶቹ ዞረ።

“ማን ነው የነገረህ? አንተ ነህ የቀጠፍከው?” ሐጂ ዋበሪን አፈጠጡበት። ዋበሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዐይናቸውን አየ። ሰዉ ያፏጭበት ጀመር።

ኬሪያ ተነሳች። ጎኗ የተቀመጠችው አክስቷ ቀሚሷን ያዘቻት፤ ቀስ አድርጋ አስለቀቀቻት። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት ሄደች። ቴሌቪዥኑ ጋ ስትደርስ ዞረችና ሕዝቡን አየች።

“ቀለም አለው ያልኩት እኔ ነኝ” አለች።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ የፊተኞቹ ዝም ሲሉ ግን ኋላ ድረስ ተሰማ።

“ዋበሪ አላለም። ሙዚቃም አሥር መንገድም አላለም። ጋዜጠኛው ጠየቀኝ፣ ዋሸሁት። ጋዜጠኛው ጨመረበት፣ እናንተም በየገበያው ጨመራችሁበት፤ መጀመሪያው ግን እኔ ነኝ። የምትስቁ ከሆነ በኔ ሳቁ። ይኼ ሰው ያለ አስተማሪ፣ ከተጣለ ዕቃ፣ የማይችለውን ቋንቋ በኔ እያስነበበ የራሳችንን መንገድ እዚህ መስታወት ላይ አወጣ። ይኼ አንሶ ለታየኝ ለኔ ነው የሚያሳፍረው። ዛሬ ግን አላነሰብኝም፤ አላፍርበትምም።”

“ኬሪያ” አሉ አባቷ። “ተቀመጪ።”

“እሺ አባባ፣ እቀመጣለሁ።”

ወደ ሴቶቹ ወንበር አልተመለሰችም። ኮምፒዩተሯ ፊት ዋበሪ የተቀመጠበት አግዳሚ ነበር፤ እሱ ላይ ሄዳ፣ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከአዳራሹ ‘ኧረ’ የሚል የሴቶች ድምፅ ተሰማ። ዋበሪ እንደቆመ አያት። በዚያች ነጥብ ቀን እንዳያት ዓይነት ነበር። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር አልቀረም።

“ካራማራ ላይ ወደ ቀኝ ያዥ” አላት በሹክሹክታ።

ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተጋጨች። ሰዉ ሳቀ። እንደገና ጀመረች። ስድስተኛው ላይ ተጋጨች። ሰው እየወጣ ነበር፤ ሙላቱም ወጣ። እሷ እንደገና ጀመረች። አዳራሹ በግማሽ ጎድሎ፣ የቀሩት ወደ ፊት መጠጋት ሲጀምሩ፣ ያን መንገድ ሃያ ዓመት የነዱት ሽማግሌው ሾፌር ባሬ ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው ከኋላቸው ቆሙ።

“ይቺ የፋፈም ቁልቁለት አይደለችም?”

“ናት፣ አዴር” አለ ዋበሪ፣ አጎቴ ማለቱ ነው።

“ታዲያ ምን አሰፋት? እውነተኛዋ ትጠባለች። ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ያለውን ትልቁን ድንጋይ ረስተኸዋል፤ ስንቱን ሰው ያስለቀሰ ድንጋይ ነው።”

“አስገባዋለሁ።”

“አስገባና ጥራኝ። አሁን ተነሺልኝ ልጄ፣ እስቲ ልሞክራት።”

ባሬ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ተጋጩ፤ ተሳድበውም እንደገና ጀመሩ። የቀሩት ሰዎች ሳቁ። ይኼ ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ ኬሪያ ትከሻዋ ላይ የነበረው ጭነት ሲቀል ተሰማት።

*

ዋበሪ ከአግዳሚው ተነስቶ ሐጂ አብዶሽ ወደቆሙበት ሄደ። ኬሪያ ተከተለችው።

“ሐጂ፣ ልጅዎን እፈልጋለሁ” አለ። “ሥራ አልጠይቅዎትም። ለጋብቻ ነው።”

“ከዚህ ሁሉ ውርደት በኋላ?”

“እኔ አልተዋረድኩም። የያዝኩትን አሳይቻለሁ፤ እርስዎም አይተዋል።”

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። “ሰኞ ሰዎች ይመጣሉ።”

“ይምጡ፣ አባባ። ምሳ ሠርቼ አስተናግዳቸዋለሁ። ጋብቻውን ግን እምቢ ብያለሁ። ቃዲው ፊት ቢያቆሙኝም የምለው ይኼንኑ ነው።”

“ከተማው ሁሉ ሰማሽ እኮ።”

“እንዲሰማ ነው የተናገርኩት።”

ሐጂ አብዶሽ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቁጣቸው አልበረደም፤ የአንገታቸው ሥር ይመታል። ልጃቸውን ግን ከዚያ በፊት እንዳላዩአት ሆነው ነበር የሚያዩአት። በመጨረሻ ወደ ዋበሪ ሳይዞሩ ተናገሩ።

“አባትህ በሕይወት አሉ?”

“አሉ። ቱሊ ጉሌድ ናቸው።”

“ሰው ልጅ የሚጠይቀው በሽማግሌ ነው፤ እንዲህ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ይምጡ። እሺ አላልኩም። እሰማለሁ ነው ያልኩት።” ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ ጄኔሬተሩ ሄዱ።

ኬሪያና ዋበሪ በፊተኛው በር ወጡ። ፀሐዩ ገና አልበረደም፣ ንፋሱ አቧራውን በዋናው መንገድ ላይ ይነዳዋል። ትኬታቸው እንዲመለስ በር ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ይዛ አየቻቸው።

“እሁድ ትሄዳለህ?” አለችው።

“ደገሀቡር መኪና ላይ ቦታ ይዤ ነበር። አሁን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ነገ የምሄደው ቱሊ ጉሌድ ነው።”

“አባትህ ምን የሚሉ ይመስልሃል?”

“ሐረሮች ይንቁናል ይላል። ሊቆጣም ይችላል።”

“እምቢ ካሉስ?”

ዋበሪ ቆመ። በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ፣ ስሟን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራት። “ኬሪያ። አንቺ ዛሬ ለአባትሽ ያልሽውን ብዬ እመለሳለሁ።”

ሰኞን ፈራች፣ የአባቷን ዝምታ ፈራች፣ የማታውቀውን የቱሊ ጉሌድ ሽማግሌ ፈራች። ፍርሃቱ ሁሉ ግን የራሷ ነበር፤ ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አይወስድባትም። ነጠላዋን ንፋሱ ከራሷ ላይ ሲገፋው በአንድ እጇ ያዘችውና፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ከሱ እኩል እየተራመደች በገበያው መካከል አለፈች።